የጉንዳን ስልተ ቀመር በምርት መርሐ ግብር

የጉንዳን ስልተ ቀመር ጉንዳኖች ወደ ምግብ የሚወስደውን አጭር መንገድ የሚለዩበትን ብልሃት ተከትሎ የተቀየሰ የኮምፒውተር አልጎሪዝም ነው። ጣሊያናዊው ማርኮ ዶሪጎ እ.ኤ.አ. በ1992 ለሚላኖ ፖሊቴክኒክ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ አስተዋወቀው። ከሚሞከርባቸው ችግሮች አንዱ በፋብሪካ ውስጥ የትኛው ሥራ በየትኛው ማሽን ላይ መቼ ይሠራ የሚለው ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በአንድ ወርክሾፕ አንዱ ዕቃ መጀመሪያ ቶርኖ ላይ፣ ቀጥሎ መሰርሰሪያ ላይ ይሠራል፤ ሌላው ዕቃ በተቃራኒው ይሄዳል። አንድ ማሽን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ዕቃ ብቻ ስለሆነ ወረፋው በደንብ ካልተደለደለ አንዱ ማሽን ሥራ ፈትቶ ሌላው ይጨናነቃል። 10 ሥራዎች በአንድ ማሽን ላይ በ3,628,800 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊሰለፉ ይችላሉ። ማሽኖቹ 10 ሲሆኑ ይህ ቁጥር በራሱ 10 ጊዜ ተባዝቶ ባለ 66 አሃዝ ይሆናል። ብዙዎቹ ቅንጅቶች እርስ በርስ ስለሚጋጩ የማይሠሩ ቢሆኑም የቀሩትን አንድ በአንድ መፈተሽ አይሞከርም።

ጉንዳን ስትሄድ ፌሮሞን የሚባል ሽታ ያለው ኬሚካል ትተዋለች። በአጭሩ መንገድ የሄዱት ቶሎ ስለሚመለሱ ሽታው እዚያ ቶሎ ይጠነክራል፣ ሌሎችም ይከተሉታል። በኮምፒውተሩ ውስጥ እያንዳንዷ «ጉንዳን» ሥራዎችን አንድ በአንድ እየመረጠች ሙሉ መርሐ ግብር ትሠራለች። የመጨረሻው ሥራ ቀድሞ የሚያልቅበት መርሐ ግብር ብዙ ፌሮሞን ያገኛል። ፌሮሞኑ በየዙሩ በጥቂቱ እንዲተን ይደረጋል፤ ካልተነነ ሁሉም ጉንዳኖች መጀመሪያ በአጋጣሚ በተገኘ መካከለኛ መፍትሔ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። ኮዱን ለሚጽፍ ሰው አድካሚው ነገር የትነቱን መጠን መምረጥ ነው።

ዘዴው በዚህ ችግር ላይ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1994 በኮሎርኒ፣ በዶሪጎ፣ በማኒዬዞና በትሩቢያን ነበር። ይሁን እንጂ ገደብ አለው። ፊሸርና ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጡት ባለ 10 ሥራና 10 ማሽን መፈተኛ ጥያቄ ከ25 ዓመት በላይ ሳይዘጋ ቆይቷል። ከ930 የጊዜ አሃድ ያነሰ መልስ እንደሌለው ካርሊዬና ፒንሰን ያረጋገጡት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ የተጠቀሙትም የማይጠቅሙ ምርጫዎችን በሒሳብ ማስረጃ እየጣለ የሚሄድ ዘዴ ነበር። ጉንዳኖቹ 930ን ሊያገኙ ይችላሉ፣ ከዚያ ያነሰ አለመኖሩን ግን ሊነግሩን አይችሉም።

ከዝግመተ ለውጥ የተቀዳው የጄኔቲክ አልጎሪዝምና ከጋለ ብረት ቀስ በቀስ መቀዝቀዝ የተቀዳው ዘዴም ይህንኑ ገደብ ይጋራሉ። ኬኔት ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጽሑፍ በየጊዜው በአዳዲስ እንስሳት ስም የሚወጡ ዘዴዎች ብዙዎቹ የቀድሞዎቹ ሐሳቦች በሌላ ስም የቀረቡ ናቸው ሲል ተችቷል።