ከባሮ ዳር እስከ ጁባ፦ የወንዝ ውሎች ታሪክ

በጁባ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በ2022 እ.ኤ.አ. በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በተመረቀው የነጻነት ድልድይ ላይ ስናልፍ፣ ቁልቁል እየተመለከትን «ይህ እኮ የኛ ውሃ ነው» ማለት ይቀናናል። ተሳስተናል። በጁባ የሚያልፈው ውሃ ከዩጋንዳ ሐይቆች የሚወርድ ነው፤ የኛ ባሮ ሶባት ተብሎ ነጭ ዓባይን የሚቀላቀለው ርቆ በስተሰሜን፣ በማላካል አቅራቢያ ነው። ይሁንና የሁለቱን ወንዞች ዳርቻዎች መርከብና ውል ካገናኟቸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል።

ውሉ በ1894 ዓ.ም. (1902 እ.ኤ.አ.) በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ነው። ዘወትር የሚጠቀሰው ስለ ዓባይ፣ ስለ ጣናና ስለ ሶባት ውሃ የሚናገረው ሦስተኛው አንቀጽ ነው። በትርጉም ሥራ ለሚተዳደር እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ አንቀጽ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው፤ አማርኛው ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ስለ መድፈን ሲናገር፣ የእንግሊዝኛው ቃል ለሰፊ ትርጓሜ በር ከፍቶ እስከ ዘመናችን ሲያከራክር ኖሯል።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ብዙ የማይነሣው አራተኛው አንቀጽ ነው። ምኒልክ በኢታንግ አካባቢ፣ በባሮ ዳር፣ ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀዱ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የተነሡ መርከቦች በሶባት አቋርጠው ይደርሳሉ፤ ጨውና ጨርቅ አራግፈው የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ውሃው ሲጎድል ወደቡ ያንቀላፋል። የጣሊያን ዘመን ሳይቆጠር፣ ሱዳን ነጻ እስከ ወጣችበት እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ድረስ ይኸው ሥርዓት ቀጠለ። ሁለቱም መንግሥታት ተጠቅመዋል። መሬቱ የአኙዋኮች ነበር፤ በውሉ ላይ ግን የአንድም አኙዋክ ፊርማ የለም።

ተመሳሳይ ነገር በዚህ አገርም ደርሷል። ግብፅና ሱዳን በ1959 እ.ኤ.አ. የዓባይን ውሃ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ለሁለት ሲካፈሉ ኢትዮጵያ አልተጠራችም፤ የሱድ ረግረግ ነዋሪዎችማ ከናካቴው አልታሰቡም። ረግረጉን በቦይ አልፎ ውሃውን ወደ ሰሜን ለማፍሰስ የታቀደው የጆንግሌ ሥራ ገና ሳይጀመር፣ በ1974 ጁባ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ቁፋሮው በ1978 ተጀምሮ ከ360 ኪሎ ሜትሩ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከተቆፈረ በኋላ በጦርነቱ ምክንያት ቆመ። በኋላ የጦርነቱ መሪ የሆኑት ዶክተር ጆን ጋራንግ የዶክትሬት ጥናታቸውን በ1981 የሠሩት በዚሁ በጆንግሌ አካባቢ ልማት ላይ ነበር፤ ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያሾፋል።

አሁን ሌላ ውል አለ። በ2010 ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ የቀረበው የዓባይ ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ፣ ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ካጸደቀችው በኋላ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ላይ ሥራ ላይ ውሏል። ግብፅና ሱዳን አልፈረሙም። ከአንቀጾቹ አንዱ ፕሮጀክት የሚነካቸው ሰዎች በእቅዱም በአፈጻጸሙም እንዲሳተፉ ያዛል። የ1902ን ውል ላነበበ ሰው ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። በባሪ፣ በዲንቃ፣ በኑዌር ወይም በአኙዋክ ቋንቋ ተተርጉሞ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።