ዓሊ ቢራና የድሬዳዋ ዘፈን

ከተማ ሰውን እንደሚያሳድግ ሁሉ ዘፈንንም ያሳድጋል። በገጠር የተወለደ ዜማ ከባለቤቶቹ ጋር ወደ ከተማ በገባ ጊዜ ከሁለት ዕድል አንዱ ይደርሰዋል፤ ወይ በባዕድ ድምፅ ተውጦ ይጠፋል፣ ወይም ከባዕዱ የሚበጀውን ወስዶ ይበረታል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የዓሊ ቢራ የሕይወት ታሪክ ሁለተኛው ዕድል እንዴት እንደሚገኝ የሚያስረዳ ነው። ይልቁንም በአደባባይ ስፍራ ያልነበረው ቋንቋ በዘፈን አማካይነት ወደ አደባባይ የወጣበትን መንገድ ያሳየናል።

የዓሊን ዘፈን ለመረዳት አስቀድሞ የተወለደባትን ከተማ ማወቅ ያስፈልጋል። ድሬዳዋ ዕድሜዋ ረጅም ያልሆነ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ሐዲዱን ወደ ሐረር አቀበት ማውጣት አስቸጋሪ ስለ ነበር ጣቢያው በሜዳው ላይ ተሠራ፤ ከተማይቱም በጣቢያው ዙሪያ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው ገና በ1909 ዓ.ም. ነውና፣ በዚህ መካከል ድሬዳዋ የታላቅ ንግድ መተላለፊያ ሆነች። የደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ከተማይቱን ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንዱ ወገን የባቡሩ ሠራተኞች የሰፈሩበት፣ ጎዳናው ቀጥ ብሎ የተለካው ከዚራ፣ በሌላው ወገን የገበያው ሰፈር መጋላ ይገኛሉ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ዐማራው፣ ሐረሪው፣ የየመኑ ዓረብ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ፈረንሳዊው በአንድ ገበያ ይገናኙ ስለ ነበር፣ የድሬዳዋ ልጅ ሁለትና ሦስት ቋንቋ ከመምህር ሳይሆን ከጎረቤት ይማር ነበር።

ዓሊ መሐመድ ሙሳ በዚህች ከተማ በገንደ ቆሬ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1947 ተወለደ። ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ስለ ተለያዩ በአባቱ እጅ አደገ። ኦሮምኛ የአፍ መፍቻው ነበረ፤ ዓረብኛን በትምህርት ቤት ተማረ፤ አማርኛን፣ ሐረሪንና ሶማሊኛን የከተማይቱ ኑሮ ጨመረለት። በኋላ ዘመን በእነዚህ ሁሉና በስዋሂሊ ጭምር ለመዝፈን የበቃው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን በዚያን ዘመን ቋንቋዎቹ ሁሉ እኩል ክብር አልነበራቸውም። ኦሮምኛ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚናገረው ሆኖ ሳለ በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በጋዜጣ ስፍራ አልነበረውም። የሐረርጌው ሊቅ ሼክ በክሪ ሳጳሎ እ.ኤ.አ. በ1956 ገደማ ለቋንቋው የሚስማማ ፊደል ቢፈጥሩ ሥራቸው በባለሥልጣኖች ዘንድ ጥርጣሬን አስነሣ፤ በኋላም እርሳቸው በዚያችው በድሬዳዋ በቁም እስር እንዲቀመጡ ተደረገ። ዘፈኑም ከዚህ የተሻለ ዕድል አልነበረውም። በገጠር ወጣት ወንዶችና ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው በሸጎዬ ሲቀባበሉ ያድራሉ፤ በከተማ ግን ሠርግ በተደገሰ ጊዜ የሌሎች ቋንቋዎች ዘፈን እንደ ሥልጡን ይቆጠር ስለ ነበር፣ ሙሽራው ኦሮሞ ሆኖ ሳለ ዜማው የሌላ ይሆን ነበር።

ይህን ጉድለት የተመለከቱ የድሬዳዋ ወጣቶች በ1950ዎቹ አጋማሽ አፍረን ቀሎ የተባለውን የሙዚቃ ቡድን አቋቋሙ። ስሙ «አራቱ ቀሎዎች» ማለት ሲሆን፣ አላ፣ ኦቦራ፣ በቢሌና ደጋ የሚባሉትን የምሥራቅ ኦሮሞ ነገዶች ያመለክታል። ከዘፋኞቹ መካከል ዓሊ ሸቦ ይገኝ ነበር። ዓሊ መሐመድም ገና በልጅነቱ ከቡድኑ ጋር ተቀላቀለ። መጀመሪያ የዘፈነው ዘፈን ስለ ብራ ወራት የሚናገር ነበረ፤ ብራ በኦሮምኛ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የሚጠራበት ወቅት ነው፤ አማርኛችንም ደመና የሌለበትን ሰማይ በዚሁ ቃል ይጠራዋል። ዘፈኑ በሕዝቡ ዘንድ እጅግ ስለ ተወደደ የወቅቱ ስም ለዘፋኙ መጠሪያ ሆነለትና «ዓሊ ቢራ» ተባለ።

የብራው ወራት ግን አልረዘመም። ቡድኑ ሕዝብን በቋንቋው መሰብሰቡ በመንግሥት ዘንድ እንደ ፖለቲካ ተቆጥሮ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታገደ፤ ከአባሎቹም የታሰሩ ነበሩ። ዓሊም ከተማውን ትቶ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ገደማም ጥላሁን ገሠሠን፣ ማሕሙድ አሕመድንና ብዙነሽ በቀለን ካፈራው ከክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ገባ። እነሆ፣ በድሬዳዋ ሲዘፍን በጥርጣሬ የታየው ወጣት በንጉሠ ነገሥቱ ዘበኛ ዘንድ የሙዚቃ ባለሙያ ሆነ። ዕውቀቱን አስፋ፤ ቋንቋውን ግን አልተወም።

ስለ ሙዚቃው ጠባይ ጥቂት እንበል። የዓሊ ወዳጅ የሆነው መሣሪያ ዑድ ነው። ዑድ እንደ ጊታር የድምፁን ቦታ የሚወስን መለያ በአንገቱ ላይ የለውም፤ ስለዚህ የተጫዋቹ ጣት የዘፋኙን ጉሮሮ እየተከተለ ይሄዳል። ከባሕር ማዶ የመጣ መሣሪያ ቢሆንም የኦሮሞን ዜማ ሳያጎብጥ ለመያዝ የተመቸ ሆነ። ሁለተኛም የሱዳን ዘፈን እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት የሚሄድ በመሆኑ፣ ከዚያ የሚሰማው አጨዋወት ከአገሩ ዜማ ጋር ሳይጋጭ ሊዋሐድ ቻለ። ጊታሩና ዘመናዊው ኦርኬስትራ በኋላ ተጨመሩ። በዚያው በ1966 በጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ በኒውዮርክ የኢትዮጵያን ቅኝት ከላቲን አሜሪካ ምት ጋር አዋሕዶ በሸክላ አሳትሞ ነበር። ሙላቱ ውሕደቱን በሙዚቃ ትምህርት ቤት አጥንቶ አገኘው፤ ዓሊ ግን ከመጋላ ገበያ አገኘው። መንገዱ ሁለት ቢሆንም የሁለቱም ሥራ የሚያስተምረን አንድ ነው፤ የራሱን ዜማ የሚያውቅ ሰው ከሌላው ቢቀበል አይደኸይም።

እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመው የዓሊ ሥራ በኦሮምኛ ዘፈን ታሪክ የመጀመሪያው አልበም ተብሎ ይጠራል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ኦሮምኛ በሬዲዮ ተሰማ፤ በሪሳ የተባለው ጋዜጣም ታተመ። ትምህርት ቤት የገባው ግን እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ ነው። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ይገባል፤ ዘፈኑ ከጋዜጣውና ከመማሪያ መጽሐፉ ቀድሞ ነበር። ስለ ፍቅር፣ ስለ አገርና ስለ ትምህርት የዘፈናቸውን ዘፈኖች ማንበብ የማይችለው ገበሬ ሳይቀር በቃሉ ያዛቸው።

ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1984 ከአገሩ ወጥቶ በአሜሪካ፣ በስዊድንና በካናዳ ኖረ፤ በስደት ያሉትን ወገኖቹን በዘፈኑ ሲያጽናና ቆይቶ በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው፤ በፈረንሳይ አገር የሚታተመው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ስብስብም 28ኛውን ክፍል ለእርሱ ሥራዎች መደበ። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዳማ ከተማ ዐረፈ። አስከሬኑም ወደ ድሬዳዋ ተወስዶ፣ በወጣትነቱ ቡድኑ በታገደባት በዚያችው ከተማ በታላቅ ክብር ተቀበረ።

ክብር ከሞት በኋላ መምጣቱ ባልከፋ፤ ነገር ግን ከዓሊ ጋር የጀመሩት ሁሉ ይህን ክብር አላገኙም። አፍረን ቀሎ በየሠርጉ የተጫወተው ሁሉ በሸክላ አልተቀረጸምና ብዙው የሚገኘው በሽማግሌዎች ትዝታ ብቻ ነው። መምህራንና ተማሪዎች የነገሥታትን ዘመን እንደሚያጠኑ ሁሉ፣ በየሰፈራቸው ያሉትን አረጋውያን እየጠየቁ ይህን ቢመዘግቡ ለታሪካችን ታላቅ ውለታ ይሆናል። አንድ ሽማግሌ ባለፈ ቍጥር ያልተጻፈ ዘፈን አብሮት ይቀበራልና፣ ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም።