ፐርሰንታይል፦ የጽንስ «የመቶ ተርታ»

ከአልትራሳውንድ ክፍል በሚሰጠው ወረቀት ላይ፣ ከጽንሱ ግምታዊ ክብደት ጎን «12» የሚል ቁጥር ይጻፋል እንበል። የፈተና ማርክ የለመደ ዓይን «ልጄ ወደቀ» ብሎ ይደነግጣል። ቁጥሩ ግን ማርክ አይደለም። ባለሙያዎች ፐርሰንታይል ይሉታል፤ በአማርኛ «የመቶ ተርታ» ብንለው ይስማማዋል። የእርግዝና ዕድሜያቸው እኩል የሆነ 100 ጽንሶች ከቀላሉ እስከ ከባዱ ቢደረደሩ፣ 12ኛ ተርታ ላይ ያለው 12 ያህሉን ይበልጣል፤ 88 ያህሉ ደግሞ እሱን ይበልጡታል።

ጽንስ ሚዛን ላይ አይወጣም። የጭንቅላቱ ስፋትና ዙሪያ፣ የሆዱ ዙሪያና የጭኑ አጥንት ርዝመት ይለካና ማሽኑ በቀመር ወደ ግራም ይቀይረዋል። ግምቱ ከእውነተኛው ክብደት 10 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊርቅ ይችላል።

ተርታውን ይበልጥ የሚያዛባው ግን የቀን ስህተት ነው። ተመራማሪው ሃድሎክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ሰንጠረዥ፣ 1950 ግራም የተገመተ ጽንስ 32 ሳምንት ከሆነው 50ኛ ተርታ ላይ ነው፤ ደህና መሃል ላይ። ያው ጽንስ 34 ሳምንት ነው ከተባለ ከ10ኛ በታች ይወርዳል። አንድ ግራም እንኳ ሳይቀንስ! የእርግዝና ዕድሜ የሚቆጠርበት የመጨረሻው የወር አበባ ቀን በእኛ አቆጣጠር ተነግሮ በፈረንጆቹ ሲመዘገብ እጅግ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተነሳችሁት አልትራሳውንድ ዕድሜውን ከሁሉ በተሻለ ስለሚያሳይ፣ እባካችሁ ያን ወረቀት አትጣሉት።

ከ10ኛ በታች የሆነ ሁሉ ታሟል ማለትም አይደለም፤ በተፈጥሮው ትንሽ የሆነ ጤነኛ ልጅም እዚያ ይገኛል። ሐኪሙን ይበልጥ የሚያሳስበው ከ3ኛ በታች መሆን ወይም ቁልቁል መንሸራተት ነው። ከ70ኛ ወደ 15ኛ የወረደ ጽንስ፣ ከ10ኛ በላይ ቢሆንም፣ ክትትል ይሻል። ስለዚህ ልኬቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል፤ በእትብቱ ውስጥ ያለው የደም ፍሰትም ዶፕለር በተባለ የአልትራሳውንድ ምርመራ ይታያል።

ተርታው ውስጥ የተሰለፉት እነማን ናቸው? የሃድሎክ ሰንጠረዥ የተሠራው በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ከተከታተሏቸው 392 ነፍሰ ጡሮች ነው። ኢንተርግሮውዝ 21 የተባለው ጥናት ኬንያን ጨምሮ ስምንት አገሮችን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2017 ሰንጠረዥ ደግሞ አሥር አገሮችን ይዟል፤ ኢትዮጵያ በአንዳቸውም የለችም። አንድ ጽንስ በሁለት ሰንጠረዥ ሁለት ተርታ ሊያገኝ ስለሚችል፣ ያለፈውንና የዛሬውን ውጤት ከማነጻጸር በፊት ሁለቱም በአንድ ሰንጠረዥ መሠራታቸውን ባለሙያውን ጠይቁ።