በሕንድ አገር የሚከበረው የላክሽሚ ሌሊት

ከሕንድ አገር በዓላት መካከል ስሙ በውጭ አገር ይበልጥ የታወቀው ዲዋሊ ሲሆን፣ ትርጓሜውም የመብራት ረድፍ ማለት ነው። በዓሉ የሚውለው ጨረቃ ፈጽማ በምትሰወርበት ሌሊት ነው፤ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት ወይም በኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያች ጨለማ ሌሊት አብዛኛው የሂንዱ ቤተ ሰብ ላክሽሚ የተባለችውን የሀብትና የበረከት እመቤት ወደ ቤቱ ይጠራል። ነገሩን ከሩቅ ለሚመለከት ሰው የገንዘብ አምልኮ ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን ታሪኩን በመረመርን ጊዜ ይህ ፍርድ የተቸኮለ መሆኑን ተረድተናል።

የላክሽሚ መልክ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛውና በ1ኛው መቶ ዓመት በባርሁትና በሳንቺ በተሠሩት የቡድሃ መታሰቢያዎች ላይ፣ ሁለት ዝሆኖች ግራና ቀኝ ሆነው ውሃ ሲያፈሱባት የምትታይ ሴት ተቀርጻለች። ከልደት በኋላ በ4ኛውና በ5ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የጉፕታ ነገሥታት በወርቅ ገንዘባቸው ላይ አትመዋታል። በ1030 ገደማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ሕንድ የጻፈው ሊቅ አል ቢሩኒ፣ ሕዝቡ በዚህ ቀን ታጥቦና አጊጦ ስጦታ እንደሚለዋወጥ፣ ሌሊቱንም በየስፍራው መብራት እንደሚያበራ ይገልጻል። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ ላክሽሚ ከምድር በታች የታሰረውን ንጉሥ ባሊን በዓመት አንድ ቀን ስለምታስፈታው ነው ይላል። እንግዲህ ያ ሊቅ የሰማው ታሪክ የእስረኛ መፈታት እንጂ የትርፍ ነገር አልነበረም።

በየቤቱ የሚደረገው ሥርዐት አስቀድሞ የሚጀምረው በመጥረጊያ ነው። ቤቱ ይጸዳል፣ ግድግዳው ይቀባል፤ በብዙ ስፍራም ከደጃፍ እስከ ጸሎቱ ቦታ ድረስ ወደ ውስጥ የሚራመዱ ትናንሽ እግሮች በሩዝ ዱቄት ይሣላሉ። ማታ የላክሽሚ ምስል የዝሆን ራስ ካለው ከጋኔሻ ጋር ይቀመጣል። ጋኔሻ እንቅፋትን የሚያነሣ ነው ተብሎ ስለሚታመን ያለ እርሱ ሥራ አይጀመርም። አበባ፣ ጣፋጭ ምግብና ጥቂት ገንዘብ ይቀርባል፤ በሸክላ ኩራዝ ውስጥ የጥጥ ፈትል በዘይት ወይም በቅቤ ይነዳል። ላክሽሚ በአንድ ስፍራ የማትረጋ ናት ይላሉ፤ ቆሻሻና ጠብ ካለበት ቤት ትሸሻለች። በአንዳንድ መንደር ሴቶች ሊነጋ ሲል ሰፌድ እየደበደቡ አላክሽሚ የተባለችውን የድኽነት እመቤት ከቤት ያስወጣሉ። በዚያው ሌሊት ካርታ ቆምሮ ገንዘብ መበላትም ልማድ መሆኑ ግን ለእኛ ከመጥረጊያው ጋር የሚስማማ አይመስለንም።

የጉጅራት ነጋዴዎች በዚህ ቀን አሮጌውን ሒሳብ ዘግተው በቀይ ጨርቅ የተለበጠውን አዲስ መዝገብ በላክሽሚ ፊት ያኖራሉ። በመጀመሪያው ገጽ «ሹብ» እና «ላብ» የሚሉ ሁለት ቃላት ይጻፋሉ፤ በጎነትና ትርፍ ማለት ነው። (ትርፍ በእነርሱ ቋንቋ ላብ መባሉ አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ደስ የሚያሰኝ ግጥጥሞሽ ነው።) በማግሥቱ የእነርሱ አዲስ ዓመት ይገባል። በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሕንድ መንግሥት ለግብር የሚቀርበው ሒሳብ ሁሉ ከሚያዝያ እስከ መጋቢት ባለው ዓመት እንዲሆን አደረገ። ስለዚህ ነጋዴው በዲዋሊ መዝገብ የሚከፍትበት የሕግ ምክንያት ቀረ፤ ሥርዐቱ ግን አልቀረም። ዛሬ በመዝገቡ ስፍራ ኮምፒዩተር የሚያስቀምጡ አሉ። የቦምቤይ የአክሲዮን ገበያም ከ1957 ጀምሮ በዚህ በዓል ለአጭር ጊዜ ልዩ ገበያ ይከፍታል።

ከእነዚሁ የጉጅራት ሰዎች ወገን የሆኑት፣ በእኛ ዘንድ ባንያን የተባሉት ነጋዴዎች፣ ለብዙ መቶ ዓመታት በምጽዋ ወደብ ጨርቅ እያመጡ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይገዙ ነበር። ብዙዎቹ የሚመጡት ሚስቶቻቸውን በአገራቸው ትተው ነው። ስለዚህ መዝገቡ በቀይ ባሕር ዳር ሲዘጋና ሲከፈት፣ ኩራዙን በጉጅራት የምታበራው፣ የእግሩንም ምልክት በደጃፉ የምትሥለው ሚስት ነበረች።