የአጠናን ልማድ

የአጠናን ልማድ ተማሪ የተማረውን በአእምሮው ለማቆየት አዘውትሮ የሚከተለው የንባብ፣ የክለሳና ራስን የመፈተን ሥርዓት ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የተሸመደደ ነገር በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን አሳይቷል።

እጅግ ውጤታማ ከሆኑት ዘዴዎች አንዱ መጽሐፉን ዘግቶ ማስታወስ ነው። አሜሪካውያኑ ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሙከራ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ደግመው ያነበቡት ተማሪዎች በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጧቸው። ደጋግሞ ማንበብ «አውቄዋለሁ» የሚል ስሜት ያሳድራል፤ ብዙ ትጉህ ተማሪን በፈተና ቀን የሚከዳው ይኸው ስሜት ነው።

ለምሳሌ አዳማ ያለ ተማሪ ስለ ስምጥ ሸለቆ ያነበበውን ከድኖ፣ «የሶደሬ ፍልውሃ ከምን ይሞቃል?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ወደ ምድር ውስጥ የሰረገ ውሃ በጋለ አለት ሞቆ በስንጥቅ በኩል እንደሚወጣ በራሱ ቃል ይጽፋል። የዘለለውን ከመጽሐፉ አይቶ ያርማል፤ በማግስቱም ከሳምንት በኋላም ሳያይ ይደግመዋል። እንዲህ የተከፋፈለ ጥናት በአንድ ሌሊት ከሚታጨቀው ይበልጥ ይጸናል።

የቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤቶችም ሳያዩ በመድገም ለዘመናት ሠርተዋል። የቃል ትምህርት ማታ፣ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ፣ ከመምህሩ ወይም ከቀደመ ተማሪ አፍ እየተቀበሉ የሚያጠኑት ነው። ቀዳሚው ጀማሪውን ሲያስቀጽል (ሲያስጠና) የራሱንም ያጸናል።

እንቅልፍም የጥናቱ አካል ነው፤ አእምሮ ቀን የተቀበለውን የሚያጠናክረው ሰው ተኝቶ ሳለ ጭምር ነው።