የእንግሊዝኛ ረዣዥም ቃላት አከፋፈል ታሪክ፤ በድምፅ ወይስ በሥር?

ረዥም የእንግሊዝኛ ቃል የት ላይ ይከፈላል ቢባል፥ ብዙዎቻችን መልሱ ከጥንት ጀምሮ ተወስኖ የኖረ ይመስለናል። ነገር ግን አከፋፈሉ በክርክር የመጣ ነው።

በ18ኛው ምእተ ዓመት ብዙ ሕፃናት ንባብ የሚማሩት ቶማስ ዲልወርዝ እ.ኤ.አ. በ1740 ለንደን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ነበር። ይህ መጽሐፍ የቆየውን የላቲን ሰዋስው ልማድ ይከተላል፤ ይኸውም ቃል ሊጀምሩ የሚችሉ ተነባቢዎች ከሚከተላቸው አናባቢ ጋራ ይሄዳሉ ማለት ነው። ስለዚህ ዘለላ ማለት የሆነው «ክላስተር» «ክላ-ስተር»፥ ጳጳስ ማለት የሆነውም «ቢሾፕ» «ቢ-ሾፕ» ተብሎ ይከፈል ነበር። ዳሩ ግን እንግሊዝኛ አንባቢ በአናባቢ የሚያልቀውን ክፍል ድምፁን አስረዝሞ ስለሚያነብ፥ ሕፃኑ «ባይ-ሾፕ» ወደ ማለት ይሳሳታል።

ሮበርት ሎውዝ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው ሰዋስው፥ አከፋፈሉ የቃሉን ምንጭ ሳይሆን ትክክለኛውን አነጋገር እንዲከተል መከረ። አሳቡን በሥራ ላይ ያዋለው አሜሪካዊው መምህር ኖኅ ዌብስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1783 በሃርትፎርድ ባሳተመው የንባብ መጽሐፍ «ክላስ-ተር»፥ «ቢሽ-ኦፕ» ብሎ ከፈለ። መጽሐፉም በ19ኛው ምእተ ዓመት በብዙ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ።

ይሁን እንጂ በድምፅ መክፈል ንባብን ሲያቀል የቃሉን ትውልድ ይሸፍናል። «ዴሞክራሲ» የተገኘው ሕዝብ ከሚለው የግሪክ ቃል «ዴሞስ» እና ሥልጣን ከሚለው «ክራቶስ» ነው። በአሜሪካ ልማድ «ዴሞክ-ራሲ» ሲባል ሁለቱ ሥሮች ይደበላለቃሉ፤ ለሥር ቅድሚያ ይሰጥ የነበረው የእንግሊዝ አታሚዎች ልማድ ግን «ዴሞ-ክራሲ» ብሎ ትርጉሙን ይገልጣል።

በእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢ በአንድ ቅርጽ ስለሚጻፉ፥ ቃል በመሥመር መጨረሻ በማናቸውም ሁለት ፊደላት መካከል ቢቈረጥ ንባቡ አይለወጥም። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ያለ ሰረዝ ይከፍሉ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው አዲስ ሆኖ የሚያጋጥመን እንግሊዝኛ ስንማር ነው፤ የከፍተኛ ትምህርታችንም በዚሁ ቋንቋ ስለሚሰጥ ልናልፈው አንችልም። በአስተያየታችን ተማሪ ቃሉን ለመጥራት የዌብስተርን፥ ለመረዳት ደግሞ የሥሩን መንገድ መያዝ ይገባዋል። አጠራሩን ብቻ ያጠና አንድ ቃል ያተርፋል፤ ሥሩን የለየ ግን የቃሉን ዘመዶች ሁሉ ለማወቅ በር ይከፈትለታል።