የእስትንፋስ ምስክር፦ በአየር ቦይ ውስጥ የሚተከለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ታሪክ

በትልልቅ ሕንፃዎች ጣሪያ ውስጥ፣ ከሰው ዓይን በተሰወረ የአየር ቦይ ጎን ላይ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ሣጥን ተተክሎ ይገኛል። ከሣጥኑ የወጣው ቀጭን ቱቦ ወደ ቦዩ ሆድ ዘልቆ ከክፍሎቹ ከሚመለሰው አየር እየቀዳ በውስጡ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ይለካል። መጠኑ ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ የንጹሕ አየር ማስገቢያው መዝጊያ፣ ማለትም ዳምፐሩ፣ ይከፈታል፤ ሲቀንስም ይጠባል። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚሰጠው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ሊቃውንትና የመሐንዲሶች ማኅበራት ከመቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ ተከራክረውበታል። የቁጥሩ ትርጉም በተዘነጋበት ጊዜ ሁሉ ዕዳውን የከፈሉት በክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው የሚተነፍሱት ሰዎች ናቸው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከ18ኛው መቶ ዘመን ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪምና ኬሚስት ጆሴፍ ብላክ በ1750ዎቹ ይህን ጋዝ ከተራው አየር ለይቶ አወቀ፤ ከሰው እስትንፋስም ጋር እንደሚወጣ በኖራ ውሃ አረጋገጠ። ዛሬ ተማሪዎች በቀጭን ቱቦ ወደ ጠራ የኖራ ውሃ እየተነፈሱ ሲደፈርስ የሚያዩት ሙከራ መሠረቱ ይኸው ነው። ፈረንሳዊው ላቮአዚዬ ደግሞ በ1770ዎቹ መተንፈስ ኦክስጅን የሚወሰድበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣበት ሂደት መሆኑን አስረዳ። ከዚህም የተነሣ ሰው በታጨቀበት ክፍል ውስጥ የሚሰማው መጨናነቅና ራስ ምታት ከዚህ ጋዝ መርዝነት የመጣ ነው የሚል እምነት ለረጅም ጊዜ ሰፍኖ ቆየ።

ይህን እምነት በመለኪያ የመረመረው የሙኒኩ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር ነበር። ፔተንኮፈር በ1858 ስለ መኖሪያ ቤቶች የአየር ልውውጥ ባሳተመው ጥናት የተጠቀመበት ዘዴ ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነበር። መጠኑ የታወቀ ጠርሙስ በክፍሉ አየር ይሞላል፤ ጋዙን የሚይዝ የአልካሊ ውሃ ይጨመርበትና ይናጣል፤ ከዚያም ሳይያዝ የቀረው አልካሊ በኦክሳሊክ አሲድ ይለካል። በዚህ ዘዴ ብዙ ክፍሎችን ከመረመረ በኋላ የደረሰበት መደምደሚያ ዛሬም የሙያው መሠረት ነው። በተለመደው ክፍል ውስጥ የሚገኘው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በራሱ ሰውን የሚጎዳ አይደለም፤ ዳሩ ግን ከሰው የሚወጣው ሌላው ነገር ሁሉ ምን ያህል እንደተጠራቀመ የሚናገር ምስክር ነው። ስለዚህም ለመልካም አየር ወሰን እንዲሆን ከሺህ አንድ እጅ፣ ማለትም ከሚሊዮን 1000 እጅ፣ የሚለውን ልክ አቀረበ። ዛሬ መሐንዲሶች 1000 ፒፒኤም የሚሉት ቁጥር ምንጩ እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ጉዳዩ ወደ ሙያ ማኅበራት ተሻገረ። የአሜሪካ የማሞቂያና የአየር ማናፈሻ መሐንዲሶች ማኅበር በ1894 ተመሥርቶ በማግሥቱ ዓመት ለእያንዳንዱ ሰው በደቂቃ 30 ኪዩቢክ ጫማ ንጹሕ አየር እንዲሰጥ ወሰነ። በ1905 ጀርመናዊው ፍልዩገ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ የሚሰማው ድካም በአብዛኛው ከሙቀትና ከእርጥበት የሚመጣ መሆኑን በሙከራ አሳየ። በ1936 ደግሞ በሃርቫርድ ያግሉና ባልደረቦቹ የሰውነት ጠረንን መመዘኛ አድርገው የአየሩን መጠን እንደገና አጠኑ። ከዚህ ሁሉ የተነሣ የአየሩ ልክ ቀስ በቀስ ዝቅ እያለ ሄደ።

የመሣሪያው ታሪክ በሌላ መንገድ ሲጓዝ ቆይቷል። እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ጆን ቲንዳል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለዓይን የማይታየውን የሙቀት ጨረር፣ ማለትም ኢንፍራሬድን፣ እንደሚውጥ ከ1859 ጀምሮ ባደረጋቸው ሙከራዎች አረጋገጠ። በ1938 ሌረርና ሉፍት የተባሉ ጀርመናውያን በዚሁ ባሕርይ የሚሠራ የፋብሪካ ጋዝ መለኪያ አበጁ። በ1958 ቻርልስ ኪሊንግ በሐዋይ ደሴት በማውና ሎአ ተራራ ላይ በኢንፍራሬድ መለኪያ የውጭውን አየር መመዝገብ ጀመረ፤ የዚያን ጊዜው ልክ 315 ፒፒኤም ያህል ነበር፤ በ2023 ከ420 አልፏል። ቁም ሣጥን ያህል ቦታ ይይዝ የነበረው መለኪያ አንሶና ረክሶ ከአየር ቦይ ጎን ለመተከል የበቃው ግን በ20ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው።

በዚህ መካከል የ1973 የነዳጅ ቀውስ ደረሰ። ንጹሕ አየርን ማሞቅና ማቀዝቀዝ ነዳጅ ይበላልና የአየሩ መጠን የቁጠባ ዒላማ ሆነ። በ1981 የወጣው የአሜሪካ ማኅበር ደረጃ ትምባሆ ለማይጨስበት ቢሮ በሰው 5 ኪዩቢክ ጫማ በደቂቃ ይበቃል አለ። የዚህን ትርጉም በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው በሰኮንድ 0.005 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። 5 ኪዩቢክ ጫማ በደቂቃ ማለት በሰኮንድ 2.4 ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ የክፍሉ አየር ሲረጋ ከውጭው በ2000 ፒፒኤም የበለጠ ይሆናል፤ ይህም ከፔተንኮፈር ወሰን እጥፍ በላይ ነው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በአዳዲስ ዝግ ሕንፃዎች የሚሠሩ ሰዎች የራስ ምታት፣ የዓይን መቆጥቆጥና የድካም አቤቱታ በረከተ፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ጉዳዩን አነሣ። ምንም እንኳ ከአዳዲስ የግንባታ ዕቃዎች የሚወጡ ጋዞችም የበኩላቸው ድርሻ ቢኖራቸው፣ ጥፋቱን ያባባሰው የአየሩ ማነስ ነበር። በ1989 ማኅበሩ ዝቅተኛውን ልክ ወደ 15 ኪዩቢክ ጫማ ከፍ አደረገ። በዚህ መጠን የክፍሉ ልክ ከውጭው በ700 ያህል ብቻ ይበልጣል፤ ከጊዜው የውጭ አየር ጋር ሲደመርም ከ1000 ብዙ አይርቅም።

ነዳጅንም ጤናንም ለመጠበቅ የተገኘው መላ ንጹሕ አየሩን በሰው ብዛት ልክ መስጠት ነበር፤ የሰውን ብዛት የሚናገረው ደግሞ መለኪያው ነው። አንድ መሣሪያ በመልስ አየር ቦይ ላይ ቢተከል ከብዙ ክፍሎች የሚመጣውን አየር በአንድነት ስለሚቀምስ ወጪው ይቀንሳል። ችግሩም ከዚሁ ይነሣል፤ ቦዩ የሚናገረው አማካዩን ነውና። እኩል አየር ከሚያገኙ ሁለት ክፍሎች አንዱ ስብሰባ የሞላበት ሆኖ 1400 ፒፒኤም፣ ሌላው ባዶ ሆኖ 450 ቢሆን መለኪያው 925 ያነባል። ወሰኑ 1000 ከሆነ ዳምፐሩ ንጹሕ አየር አይጨምርም፤ ተሰብሳቢዎቹም በታፈነ አየር ውስጥ ይቀራሉ። በዚህ ምክንያት ሰው በሚበዛባቸው አዳራሾች መለኪያው ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ከክፍሉ ግድግዳ ላይ እንዲተከል ይመረጣል። የቦዩ መለኪያ ተገቢ የሚሆነው አየሩ ከአንድ ክፍል፣ ወይም አጠቃቀማቸው ከተመሳሰለ ክፍሎች ብቻ ሲመጣ ነው።

በቦይ ላይ ሲተከልም ቦታው ይወስናል። መለኪያው የመልሱ አየር ከውጭው አየር ጋር ከመቀላቀሉ በፊት፣ ከእጥፋትና ከመጋጠሚያ ርቆ፣ አየሩ ቀጥ ብሎ በሚፈስበት ስፍራ ይሆናል። የመልስ ቦይ አየር ስለሚስብ የቱቦው ቀዳዳ በሚገባ ካልታሸገ የጣሪያው አየር ሾልኮ እየገባ ልኩን ያሳንሰዋል። ለማስተካከያ የሚሆን የእጅ መግቢያ በር ያልተተወለት መለኪያም በጊዜ ብዛት መሳሳቱ አይቀርም።

ለአዲስ አበባ መሐንዲስ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። የኢንፍራሬድ መለኪያ የሚቆጥረው በጨረሩ መንገድ ላይ ያሉትን ሞለኪውሎች ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ በባሕር ጠለል ልክ የተስተካከለ መሣሪያ የከፍታ እርማት ካልተሰጠው እውነተኛውን 1000 ወደ 750 ዝቅ አድርጎ ያነባል። እንዲሁም ብዙዎቹ መለኪያዎች በቀናት ውስጥ ያዩትን ዝቅተኛ ልክ የውጭ አየር ነው ብለው ራሳቸውን ያርማሉ። ማታ ባዶ ለሚሆን ቢሮ ይህ ይሠራል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሕሙማን ለሚተኙበት የሆስፒታል ክፍል ግን ያሳስታል።

ከ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ይህ መለኪያ በትምህርት ቤቶችና በቢሮዎች በስፋት ታይቷል። አንድ ሰው የሚስበው አየር ምን ያህሉ ከሌላው ሳንባ እንደወጣ ይጠቁማልና ጥቅሙ የታወቀ ነው። ሆኖም ማጣሪያ ያነጻውን አየር ካልተነጻው አይለይም፤ የከሰል ምድጃ የሚያመነጨውን ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድም አያይም። ፔተንኮፈር እንዳለው ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ ቃሉ የሚታመነው የቆመበት ቦታ ሲታወቅ ነውና፣ ቱቦው የሚገባበትን ቀዳዳ የሚመርጠው መሐንዲስ ከክፍሉ ውስጥ የማንን እስትንፋስ እንደሚሰማና የማንን እንደማይሰማ አስቀድሞ ይወስናል።